አልሰከርኩም፣ ስኳር ነው፦ ለሞተረኛ የሚሆን የሕመም መለያ የትኛው ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሰነድና መድኃኒት አደርሳለሁ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ፔኒሲሊን ደግሞ አይስማማኝም፤ ፊቴ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። መናገር በማልችልበት ሰዓት እነዚህን ሁለት ነገሮች ሌላ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ያገኘሁትን የሕመም መለያ ሁሉ አሥሬ፣ ለጥፌ፣ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነድቻለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። እጅ ላይ የሚታሠር፣ ፊደሉ የተቀረጸ ብረት አንደኛ ነው። ሄልሜት ውስጥ የሚገባ ካርድ ይከተላል። ስልክ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይታመንም። በስልክ ካሜራ የሚነበበው የኪውአር ስቲከር ላይ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሁሉንም የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ነው የሚያነበው? መንገድ ላይ ስወድቅ መጀመሪያ የሚደርስልኝ ሐኪም አይደለም። ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት፣ የታክሲ ረዳቱ ነው፣ መስቀለኛው ላይ የቆመው ትራፊክ ነው። 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሊጠሩልኝ ይችላሉ፤ የእሳትና አደጋው 939ም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ሰዉ ያገኘው መኪና ላይ ጭኖ ነው የሚሮጠው። ሐኪም የሚያየኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ለአደጋና ለቃጠሎ የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል ይሁን፣ ጥቁር አንበሳ ይሁን፣ ወይም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ።

እንግዲህ አንዱ መለያ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። የመንገዱ ሰው በአማርኛ፣ በትልቁ፣ በአጭሩ ተጽፎ ይፈልገዋል። ሐኪሙ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ቢያገኘው ይቀለዋል፤ የተማረውም፣ የታማሚ ካርድ ላይ የሚጽፈውም በእሱ ነው። ገበያ ላይ ያለው ዕቃ አብዛኛው ለሁለተኛው ብቻ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ረስቶታል።

ስኳር ያለበት ሰው ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይገባዋል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። የበለጠ ሲወርድ ምላስ ይተሳሰራል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል። ከውጭ ለሚያየው ሰክሯል። አንድ ቀን መገናኛ አካባቢ ሞተሬን አቁሜ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ባልኩበት የሰማሁትም ይህንኑ ነው፦ «በጠዋቱ ጠጥቶ!» ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ሌላ የሚያስጠረጥራቸው ነገር ስላላዩ ነው። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ከረሜላ እንደምንም አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ማንም አልቀረበኝም። እንደዚያ ሆኖ በዚያው ራሱን የሚስት ሰው ደግሞ አለ። ሰካራም ነው ተብሎ ከተተወ ሊሞት ይችላል።

አሁን እጄ ላይ ያለው አምባር እዚሁ የተሠራ ነው። ማህተም፣ የቢሮ በር ጽሑፍና የቁልፍ መያዣ የሚሠሩ ሱቆች አሉ፤ የሌዘር መቅረጫ ያላቸው። ሜክሲኮ አካባቢ አንዱ ጋ ገብቼ ዝገት የማይዘው፣ ስቴንለስ የሚባለው ብረት ላይ እንዲቀርጹልኝ አዘዝኩ። ስፋቱ እንደ አውራ ጣት ነው፣ ርዝመቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ማሠሪያውን ሰዓት ሠሪ ጋ ወስጄ በሲሊኮን የሰዓት ማሠሪያ አስገጠምኩት። በጠቅላላው 600 ብር አካባቢ ወጣብኝ። ለሥራው አልበዛም።

የብረቱ ውጭ ላይ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «የስኳር ታማሚ ነኝ። አልሰከርኩም። ደውሉ።» ከሥሩ የወንድሜ ስልክ አለ። ውስጡ ላይ፣ ቆዳዬን በሚነካው በኩል፣ በእንግሊዝኛ ስሜ፣ የተወለድኩበት ዓመት፣ ዓይነት 1 ስኳር፣ ኢንሱሊን፣ የፔኒሲሊን አለርጂ፣ ሁለተኛ ስልክ። ቀራጩ ልጅ እንግሊዝኛው ውጭ ቢሆን ያምራል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እኔ ግን ሐኪም አምባር ካየ ይገለብጠዋል፣ መንገደኛ አይገለብጥም ብዬ አሰብኩ። ይህን በኋላ ጓደኞቼ ላይ ሞከርኩት። ዝም ብዬ ተዘረጋሁና «ምን እንደሆንኩ ፈልጉ» አልኳቸው። ውጭ የተጻፈውን ሁሉም አነበቡ። ለመገልበጥ ያሰበው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት አለችው።

የአምባሩን ድክመትም ልንገራችሁ። በሙቀት ቀን ከማሠሪያው ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ቆዳ ይልጣል። ማታ አውልቆ ማጠብ ያስፈልጋል። የብረቱ ማዕዘን ካልተሞረደ የጓንት ክር ይይዛል፤ ሲሠራ ማዕዘኑን ክብ አድርጉልኝ በሉ። ትልቁ ችግር ግን ክረምት ላይ ነው። ወፍራም ጃኬት ለብሰን፣ ጓንት አድርገን፣ ዝናብ ልብስ ደርበን ስንነዳ አምባሩ ከሦስት ልብስ ሥር ይገባል። ስለዚህ በክረምት ብቻውን በቂ አይደለም። ሌላው መጠንቀቂያ ቅርጹ ነው። ከዚህኛው በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ፊደሉ ብረቱ ላይ በቀለም የታተመ እንጂ የተቀረጸ አልነበረም። ቤንዚንና የእጅ ማጽጃ አልኮል ነክቶት ስልክ ቁጥሩ ጠፋ። ስታዝዙ ጥፍራችሁን ፊደሉ ላይ አንሸራትቱ። ሸካራ ካልሆነ አትቀበሉ።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ የአንድ አሜሪካ ድርጅት አምባር ልካልኛለች። ዕቃው ያምራል። ብረቱ ቀጭን ነው፣ መቆለፊያው ጠንካራ ነው፣ ፊደሉ በጥልቀት ተቀርጿል። ላዩ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ሰማያዊ ኮከብ አለ፤ መሃሉ በትር ላይ የተጠመጠመ እባብ። የአሜሪካ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ይህን ምልክት አይተው የሕክምና መረጃ እንዳለ ያውቃሉ። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ ጀርባው ላይ የአባልነት ቁጥርና የአሜሪካ ስልክ አለ፤ ሐኪሙ እዚያ ደውሎ የታማሚውን ዝርዝር ይሰማል። ቨርጂኒያ ለሚነዳ ይህ ግሩም ነገር ነው። እዚህ ግን የድንገተኛ ክፍል ነርስ በሌሊት አሜሪካ ደውላ የአባል ቁጥር ልታነብልኝ አትችልም። ከውጭ የሚላክላችሁ ካለ ዝርዝሩ ራሱ ብረቱ ላይ የሚጻፍበትን ዓይነት ምረጡ። ስልኩ በ251 የሚጀምር የአገር ቤት ቁጥር ይሁን።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውንም ሞክሬዋለሁ። ማተቤ ጎን አድርጌው ነበር። ሆስፒታል ልብስ ሲቀደድ ደረትና አንገት መታየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ይመቻል። ለመንገደኛው ግን አይመችም። ሰው የወደቀ ሰው ደረት ውስጥ እጁን ለመክተት ይፈራል፤ ሌባ እንዳይባል። ሰንሰለቱ የሆነ ነገር ቢይዘው አንገት ስለሚጎዳ፣ ሲጎተት የሚበጠስ ዓይነት ነው መሆን ያለበት። ለክረምት ከአምባሩ ጋር ደርቤ አደርገዋለሁ።

ወደ ሄልሜቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚያበላሸው።

በብሪታኒያ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሞተር ክለብ ለሞተረኛ ያዘጋጀው ካርድ አለ። ካርዱ ተሞልቶ ሄልሜቱ ውስጥ፣ በስፖንጁና በቅሉ መካከል ይገባል። ውጭው ላይ አረንጓዴ ክብ ስቲከር ይለጠፋል። ስቲከሩን ያየ የአምቡላንስ ባለሙያ ውስጥ ካርድ እንዳለ ያውቃል። ሐሳቡን ወድጄ እኔም ሠራሁት። ካርዱን አሳትሜ ላሚኔት አስደረግኩ፤ ዝናብና ላብ አይነካውም። አረንጓዴ ክቡን ግን አልተጠቀምኩም፤ እዚህ ማንም ምን እንደሆነ አያውቀውም። በእሱ ፈንታ ቢጫ ስቲከር ላይ «የሕክምና መረጃ ውስጥ አለ። ሄልሜቱን አትጎትቱ» ብዬ ጻፍኩ። ስቲከር ሠሪው ለማሳመር ብሎ ቀይ መስቀል ጨምሮበት ነበር፤ አስነሳሁት። የቀይ መስቀል ምልክት በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው። ማንም እንደ ጌጥ የሚለጥፈው አይደለም።

«አትጎትቱ» ያልኩት በምክንያት ነው። እኛ አገር ሞተረኛ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው ሄልሜቱን መንቀል ነው፤ አየር ያግኝ ተብሎ። አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ግን ያ መጎተት ከአንገት በታች ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ መስታወቱን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ካልተነፈሰ፣ ወይም ትውከትና ደም እያነቀው ከሆነ፣ ያኔ መውለቅ አለበት። እሱም ሁለት ሰው ሆኖ ነው፤ አንዱ አንገትና ራሱን ሳያነቃንቅ ይይዛል፣ ሌላው ቀስ አድርጎ ያወጣል። ይህን ሁሉ ስቲከር ላይ መጻፍ አይቻልም። ሁለቱ ቃላት ብቻ እንኳ ሰውን ትንሽ ያቆሙታል። ይህ ስቲከር ምንም ሕመም ለሌለበት ሞተረኛም ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

የሄልሜት ካርድ አንድ አደገኛ ነገር አለው። ሄልሜት እንዋዋሳለን። ሰው የሚጭን ሞተረኛ ትርፍ ሄልሜት ይይዛል፤ ጋራዥ ስንቀመጥ የአንዱን ሌላው አድርጎ ይወጣል። የእኔን ሄልሜት ያደረገ ጓደኛዬ ቢወድቅ ካርዱ እሱን ኢንሱሊን የሚወጋ ስኳር ታማሚ ያደርገዋል። ሐኪሙም በተሳሳተ ሰው መረጃ ይነሳል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ፎቶግራፍ የግድ ነው። የጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ዓመት። ትርፍ ሄልሜት ውስጥ ደግሞ ምንም ካርድ አይግባ። ካርዱን ከስፖንጁ በስተጀርባ እንጂ ከግንባር ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ጠርዙ ይቆርጣል።

ስልክ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ሙሉት። አይፎን ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ። ስልኩ ተቆልፎ እያለ የድንገተኛ ጥሪውን የነካ ሰው ያየዋል፤ ተቆልፎ ሳለ እንዲታይ የሚፈቅደውን ቁልፍ ማብራት ግን አትርሱ። አዳዲሶቹ አንድሮይዶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ ቦታው እንደየስልኩ ይለያያል። የተቆለፈ ስልኬን ለጓደኞቼ ሰጥቼ መረጃዬን እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቁም። አንድ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ሲስተር ብቻ ወዲያው አገኘችው። የተሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ስልኩ ተቆልፎ የሚታየውን ፎቶ ቀይሩት። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል «የስኳር ታማሚ፣ ለዚህ ቁጥር ደውሉ» ብላችሁ ጽፋችሁ ምስሉን አስቀምጡ። ያኔ ስልኩን ያበራ ሁሉ ያነበዋል። ስልክ ግን ይሰበራል፣ ባትሪው ያልቃል፣ አደጋ ቦታ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው ዕቃ እሱ ነው። ቦርሳና መታወቂያም እንደዚያው። የፋይዳ መታወቂያ ማን እንደሆንኩ ይናገራል፤ ኢንሱሊን እንደምወጋ አይናገርም።

የኪውአር ስቲከሩን በአጭሩ ልለፈው። አንባቢው ስልክ፣ ዳታና ኔትወርክ ሊኖረው ይገባል፤ እንዴት እንደሚነበብም ማወቅ አለበት። በየዓመቱ ክፍያ የሚጠይቅም አለ፤ ካልተከፈለ ገጹ ይዘጋል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ስቲከሩ ባዶ ነው። ዩኤስቢ የተገጠመለት አምባርም አይቻለሁ። የማይታወቅ ፍላሽ የሆስፒታል ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነርስ የለም፤ መሰካትም የለባትም።

ብዙ ሞተረኛ ሄልሜቱ ላይ የደም ዓይነቱን በትልቁ ይጽፋል። ጥሩ አሳቢነት ነው፤ ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ሆስፒታል ደም ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይመረምራል፤ ስቲከር አምኖ አይሰጥም። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ኦ ዓይነት ደም ነው የሚሰጠው። ያቺን ትንሽ ቦታ ለሌላ ነገር ተጠቀሙባት። የልብ ቫልቭ አስቀይሮ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ትንሽ ቢመታ እንኳ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል፤ እሱ የመድኃኒቱን ስም ይጻፍ። የሚጥል በሽታ ያለበትም፣ የአስም ታማሚም፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድም እንደዚሁ። ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መገመት የማይችለው እነዚህን ነው።

እናቴ አምባሩን ስታይ ከፍቷት ነበር። «በሽታህን አደባባይ አውጥተህ ሰው ምን ይልሃል?» አለችኝ። ይህ ጭንቀት የእሷ ብቻ አይደለም። ስኳርን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሌላውንም የምንደብቅ ብዙ ነን፤ ሥራ ያሳጣል፣ ትዳር ያበላሻል ብለን። እኔም የነገርኳት የአንድ አባት ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ተርሎክ የምትባል ከተማ ውስጥ ሐኪም ነበር፤ ማሪዮን ኮሊንስ። በ1953 እ.ኤ.አ. ልጁ ሊንዳ ቁስል ይዛ መጣችና የቲታነስ መድኃኒት ለሙከራ ጠብ ሲደረግባት ልትሞት ደረሰች። ከዚያ በኋላ ከቤት ስትወጣ አለርጂዋን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሥሩላት ነበር። ወረቀቱ በብር አምባር ተተካ፣ በ1956 ደግሞ ሜዲክአለርት የሚባለው ድርጅት ከዚያ ተነስቶ ተቋቋመ። እናቴ ሰምታ ዝም አለች። በኋላ ብረቱ ላይ ሁለተኛ ስልክ እንዲሆን የራሷን ቁጥር ሰጠችኝ።

በሽታውን ማሳየት የማይፈልግ ሰው ውጭው ላይ ስልክ ቁጥርና «ውስጡን ለሐኪም» የሚል ብቻ ያስቀርጽ። ያ ከባዶ እጅ እጅግ ይሻላል። የሚጻፈው ስልክ የማን እንደሚሆን ግን አስቡበት። ሕመማችሁን የሚያውቅ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት የሚያውቅ፣ ሲም በየጊዜው የማይቀይር ሰው ይሁን። «ቁጥርህን እጄ ላይ አስቀርጬዋለሁ» ብላችሁም ንገሩት፤ የማያውቀው ስልክ ሲደወል እንዲያነሳ።

አሠሪዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሞተረኛ አንጸባራቂ ሰደርያና ሄልሜት ትሰጣላችሁ። ሲቀጠር የአለርጂና የመድኃኒት ፎርም አስሞልታችሁ፣ ላሚኔት የተደረገ አንድ ካርድ ብትጨምሩበት ወጪው የአንድ ቀን ቤንዚን አይሞላም። ፎርሙን ደግሞ ሰውን ከሥራ ለማስቀረት አትጠቀሙበት። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም «ጤነኛ ነኝ» ብሎ ይሞላዋል።

የመጨረሻ ነገር ለምታዘዙ። ብረቱ ላይ የማይለወጠውን ብቻ አስቀርጹ፦ የበሽታውን ስም፣ አለርጂውን፣ ስልኩን። የኢንሱሊኑን ዓይነትና መጠን፣ ሌላ የምትወስዱትን ክኒን ካርዱ ላይ ጻፉት፤ ካርድ በጥቂት ብር ይታደሳል። ካርዱ ግርጌ ላይ የተጻፈበትን ቀን አስፍሩ። ሐኪሙ የዛሬ ሦስት ዓመት መረጃ ይሁን የባለፈው ወር፣ በዚያ ይለየዋል። እኔ ክሊኒክ ቀጠሮ ሄጄ መድኃኒቴ በተለወጠ ቁጥር፣ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ አዲስ አሳትማለሁ።